የሶልያና መነጽርና የእኔ ምስክርነት

ውኃ ላይ ያረፈ ብርሃን የሚጋደመው፣ ቆርቆሮ ላይ ያረፈው ግን እምቢ የሚለው ለምንድን ነው?

እኔ አላውቅም። የሚያውቅ የመሰለኝን ሰው ጠይቄ ነበር፤ እሱም አያውቅም። ከእናንተ መካከል የሚያውቅ ካለ እሰየው፤ እኔ ግን ብዕር ያነሳሁት ለእሱ አይደለም። የአንድ ሕፃን ዓይን በእኔ አፍ ምክንያት ሐኪም ሳያየው ሊቀር ነው። ምክር ፈልጌ ነው። ምክር ፈላጊ ደግሞ ነገሩን ከመነሻው መናገር አለበት፤ ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባል የለ።

ሰው ሁሉ በዚህ ዓለም አንድ አንድ ሥራ አለው። ባሌ ግርማ ከሸጎሌ ፒያሳ ሚኒባስ ይነዳል። እኔ እጨነቃለሁ። ሥራዬን አክብሬ ነው የምሠራው፤ በዓል የለኝ፣ የዓመት ፈቃድ የለኝ። ልጄ ሶልያና ካሳለች ሳንባ ነው፣ ካላሳለች ደግሞ ሳሉ ውስጥ ለውስጥ ሄዷል ማለት ነው። አምስት ዓመቷ ነው፤ በእነዚህ አምስት ዓመታት ውስጥ ያልታመመችው በሽታ የለም፣ በእኔ ሐሳብ። በእውነት የታመመችው አንዴ ጉንፋን፣ አንዴ ኩፍኝ ነው። ሳቁ ግድ የለም። ልጇ ሲተኛ ትንፋሹ እንዳለ ለማወቅ አፍንጫው ሥር ጣቷን አስጠግታ የማታውቅ እናት ካለች ግን እሷ ቀድማ ትሳቅ።

የብርሃን ትምህርት የሚሰጠው አምስተኛ ክፍል ነው መሰለኝ። እኔ አራተኛ ላይ «ወራጅ አለ» ብዬ ወርጃለሁ። ስለዚህ ብርሃን ለእኔ ሁለት ዓይነት ነበር፦ ያለና የጠፋ። መብራት ኃይል ከሰጠ አለ፣ ካልሰጠ የለም። በዚህ እውቀት ሃያ ስድስት ዓመት ያለ ምንም ችግር ኖሬያለሁ።

ችግሩ የመጣው በሻንጣ ነው። የግርማ እህት ዱባይ ትሠራለች፤ በሰው እጅ ዕቃ ስትልክ ለሶሊ ጽጌረዳ ቀለም ፍሬም ያለው የፀሐይ መነጽር ላከችላት። መስታወቱ ብዙም አይጠቁርም፤ ቀጠን ያለ ሻይ ይመስላል። ልጅቷ ያን ቀን ዓይኗ ላይ ሰካችው፣ አለቀ። ስትበላ በመነጽር፣ ስታኮርፍ በመነጽር። ገላዋን ሳጥባትና ስትተኛ ብቻ ይወልቃል፤ እሱም በድርድር ነው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እኔ በረንዳው ላይ ልብስ አጥባለሁ፣ እሷ አጠገቤ በርጩማ ላይ ተቀምጣ በስልኬ የምትጨፍር ድመት ታያለች።

«እማዬ፣ ጠፋ።»

«ምኑ?»

«ስልኩ። ጠቆረ።»

እጄን በቀሚሴ ጠርጌ ተቀበልኳት። ድመቷ ትጨፍራለች። መለስኩላት።

«አሁንም ጠቁሯል።»

ስልኩን አጋድማ ነው የያዘችው፤ ፊልም ሲታይ እንደሚያዘው። አቆምኩት። «መጣ!» አለች። አጋደምኩት። «ሄደ!» አቆምኩት። «መጣ!» እሷ ጨዋታ አገኘች፣ ከት ከት ብላ ትስቃለች። ለእኔ ግን ጨዋታ አልነበረም። የልጄ ዓይን የቆመ ነገር ያያል፤ የተጋደመ ነገር አያይም።

አሁን ምን እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። «አንቺ ሴት፣ መነጽሩን አታወልቂላትም?» ነው ያላችሁት። ቆይ፣ እኔስ ያን ያህል ቂል ነኝ? መነጽሩን ጠርጥሬያለሁ። ጠርጥሬም ፈትሻለሁ። ግርማ መንገድ ላይ ከሚያዞር ልጅ በመኪናው መስኮት የገዛው፣ እንደ ድስት ቂጥ የጠቆረ መነጽር አለው። እሱን አምጥቼ አደረግኩና ስልኩን አቆምኩ፣ አጋደምኩ፣ ዘቀዘቅኩ። ድመቷ አመሻሽ ላይ የምትጨፍር መሰለች እንጂ የትም አልሄደችም። እንግዲህ ያን ያህል የጠቆረው እያሳየ፣ ሻይ የመሰለው በምን አቅሙ ይከልላል? መነጽር መነጽር ነው። ስለዚህ መነጽሩን ነጻ አወጣሁትና ዓይኗ ላይ ፈረድኩ። ዳኛ ብሆን ኖሮ በዚህ ዓይነት ማስረጃ ስንቱን ሰው አስሬ ነበር!

ስልኩንም ወዲያው ቀምቼ ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩበት፤ ዓይኗን ያጠፋው እሱ ነው ብዬ። ግርማ ሲመጣ ነገርኩት።

«አንቺ ደግሞ! ባለፈው ጆሮዋ አይሰማም ብለሽ አልነበር?»

«ስጠራት ዝም ስትለኝ ምን ልበል?»

«ማር ሰርቃ አፏ ሙሉ ነበር እኮ፣ በምን ትመልስልሽ?»

ነገሩ እውነት ነው። ግን አንዴ ማር ነበር ማለት ሁልጊዜ ማር ነው ማለት አይደለም።

እዚህ ላይ ዝናሽን ላስተዋውቃችሁ። ዝናሽ ከእኔ ጋር በአንድ ግድግዳ የምትለይ ጎረቤቴ ናት፤ ሽሮ ሲያንሰኝ ግድግዳውን ነው የማንኳኳው። የሦስት ዓመት ልጇ በረከት የግራ ዓይኑ ብሌን ላይ እንደ ወተት ጠብታ ነጭ ነገር አለው። ሆስፒታል አይተውት በቀዶ ጥገና ይነሳል፣ ግን አይዘግይ ብለዋታል። «ዓይን ልጅ ሆኖ ካላየ በኋላ ቢከፍቱለትም ማየት ይረሳል» አሏት። ቀጠሮ የሰጧት ከፋሲካ በኋላ ነው። ዝናሽ ቀጠሮዋን የጻፉበትን ወረቀት ልብሷ ውስጥ ይዛ ትዞራለች፤ ግን ቢላዋ የነካው ዓይን ይፈስሳል የሚል ወሬ ከሰማች ወዲህ ወረቀቱን እንደ ክስ ነው የምታየው።

የሶሊን ነገር ስነግራት፣ «ነገ እሑድ ነው፣ ሐኪም የለም። ጠበሉ ግን አለ፤ አብረን እንሂድ» አለችኝ። በነጋታው ልጆቻችንን አዝለን ወደ እንጦጦ ወጣን። የትኛው ደብር እንደሆነ አልናገርም፤ ደብሩ ምንም ያጠፋው ነገር የለም። መንገድ ላይ ተሳልኩ። ሌላው ሰው ጃንጥላ ይሳላል፣ መጋረጃ ይሳላል። እኔ አፌን ተሳልኩ። «እመቤቴ፣ ልጄን ከማርሽልኝ በሕዝብ ፊት ቆሜ እመሰክራለሁ» አልኩ። ይህ ቀላል ስለት እንዳይመስላችሁ። የሕፃናት መዋያው የወላጅ ስብሰባ ላይ ስሜ ሲጠራ እንኳ «አቤት» ለማለት ጉሮሮዬ የሚዘጋ ሰው ነኝ።

ሶሊ ልትጠመቅ ልብሷን ሳወልቅላት መነጽሯንም አወለቅኩና ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ውኃው እንደ በረዶ ነው፤ ጩኸቷን ሰፈር ሁሉ ሰምቶት ይሆናል። አድርቄ፣ አልብሼ፣ ፀሐይ የመታው ድንጋይ ላይ አስቀምጬ፣ ስልኩን ከቦርሳዬ አወጣሁ። አቆምኩት። «ይታያል።» አጋደምኩት። «ይታያል።» ዘቀዘቅኩት። «ድመቷ ተዘቀዘቀች!»

ዝናሽ እልልታዋን ለቀቀችው። እኔ መሬት ሳምኩ።

ከዚያ ቀን በኋላ ምን ሆነ መሰላችሁ? ስለቴን አዘገየሁ። ዛሬ ሰው ይበዛል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ጉሮሮዬ ይሻለዋል እያልኩ። ሶሊ መነጽሯን ከቦርሳዬ ፈልጋ አገኘችው። እኔም ዓይኗ ከዳነ ወዲህ ስልኩን አልፎ አልፎ እሰጣታለሁ። በሳምንቱ ቅዳሜ፣ ያው በረንዳ፣ ያው በርጩማ፦ «እማዬ፣ ጠቆረ።»

እናንተ እስካሁን ገብቷችኋል። እኔም ያን ጊዜ ገብቶኛል፤ የገባኝ ግን ሌላ ነው። ስለቴን ስላላደረስኩ ተመለሰባት! ከዚህ የበለጠ ግልጽ ነገር በሕይወቴ አላየሁም። በነጋታው ጎህ ሲቀድ እንጦጦ ነን። ዝናሽም አለች፣ በረከትም አለ። መነጽሩ ቦርሳ ገባ፣ ልጅቷ ተጠመቀች፣ ስልኩ ወጣ፣ ታየ። በዚህ ጊዜ ግን አላመለጥኩም። ከስብከቱ በኋላ ምስክርነት ያላቸው ይቅረቡ ሲባል ልጄን ታቅፌ ቀረብኩ። ማይኩን ሲሰጡኝ የገዛ ድምፄ ከዛፎቹ ተመልሶ ሲመጣ ደነገጥኩ። «ልጄ አታይም ነበር፣ አሁን ታያለች» ብዬ እንባዬ መጣ። ሕዝቡ እልል አለ። ያቺን ቀን እንደ እኔ ደስ ያለው ሰው የለም፤ ከአንድ ሰው በቀር።

ቁልቁል ስንወርድ ዝናሽ እጄን ያዘችኝ። ወረቀቱን ከልብሷ አውጥታ አሳየችኝና አራት ቦታ ቀደደችው። «ከእንግዲህ ልጄን ቢላዋ አይነካውም። ያንቺን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ሁለት ጊዜ።»

«እሰይ» አልኳት።

እሰይ ያልኩት እኔ ነኝ። ይህንንም ልብ በሉልኝ።

ማክሰኞ ስልኬ ቻርጅ አልይዝ አለኝና አስፋልቱ ዳር ያለው ጀማል ጋ ሄድኩ። ጀማል ስልክ ይጠግናል፤ ቴሌቪዥንም ይነካካል። ሱቁ ሁለት ሰው አያስቆምም፣ ምላሱ ግን ሰፊ ነው። ሶሊ መነጽሯን አድርጋ ባንኮኒው ላይ አገጯን አሳርፋለች። ከፊቷ ተጋድሞ የበራ የሰው ስልክ አለ።

«ይሄ ስልክ ሞቷል» አለች።

«ኧረ በሕይወት አለ፣ ሶሊዬ! ባለቤቱ ሰምቶ እንዳያለቅስ» አለ ጀማል። ከዚያ ቀና ብሎ አያት። ቀስ ብሎ መነጽሯን አወለቀና ስልኩ ላይ አድርጎ እንደ መሪ አዞረው። ስልኩ በመስታወቱ ውስጥ በራ፣ ጠቆረ፣ በራ፣ ጠቆረ። «ፖላራይዝድ ነው። ኦሪጅናል! ከየት አመጣችሁት?»

ባንኮኒውን ይዣለሁ።

«ምነው፣ ፊትሽ ገረጣ እኮ። አመመሽ እንዴ?»

«ለምንድን ነው የሚጠቁረው?» አልኩት።

ጀማል ጥያቄ ይወዳል። ከባንኮኒው ሥር አንድ ባዶ የስልክ ስክሪን አወጣና አበራው፤ ላዩ ላይ የነበረችውን ስስ ላስቲክ ልጦ የጣለለት ነው። እንደ ወረቀት ነጭ ሆኖ በራ። «ምን ይታይሻል?» ነጭ ነዋ። «በዚህ እዪው» ብሎ የሶሊን መነጽር ዓይኔ ላይ አደረገልኝ። ሙሽራና ሙሽሪት! ኬክ ሲቆርሱ። መነጽሩን አነሳሁ፣ ነጭ። መለስኩ፣ ኬክ።

«ፎቶው ሁሌም እዚያው ነው ያለው» አለኝ። «ያቺ ላስቲክ ከሌለች ግን ዓይናችን አይለየውም። ብርሃን ሲሄድ ይወዛወዛል። የፀሐዩ፣ የአምፖሉ ብርሃን ወደ ላይም ወደ ጎንም ወደ ሰያፍም፣ እንደ ፈለገ ነው። የስልክ ብርሃን ግን ተበጥሮ ነው የሚወጣው፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ። ይሄ መነጽር ደግሞ አንዱን አቅጣጫ ያሳልፋል፣ አንዱን ይከለክላል።»

«የባሌ መነጽር ግን አሳይቶኛል። ከዚህ ይጠቁራል።»

«የእሱማ መጋረጃ ነው! መጋረጃ ከሁሉም እኩል ይቀንሳል፤ አቅጣጫ አይጠይቅም። ይሄ አጥር ነው።»

አጥር ሲል ነገሩ ገባኝ። ከእኛ ቤት በላይ በሁለት አጥሮች መካከል የምታልፍ ጠባብ መተላለፊያ አለች። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት እናቶች እዚያች ሲደርሱ ይቸገራሉ፤ እንጨቱ ጀርባቸው ላይ በአግድም ስለሆነ በፊት ለፊት አያልፍም፣ ዞረው በጎን መግባት አለባቸው። እንጨቱን በትከሻው ላይ ወደ ላይ አቁሞ የሚመጣ ሰው ግን ሳይቆም ያልፋል። የፀሐይ ብርሃን እንግዲህ የሸጎሌ በግ ተራ ማለት ነው፤ ሁሉም ወደየራሱ ይጎትታል፣ ከዚያ ውስጥ መተላለፊያዋን የሚያልፍ አይጠፋም፣ የማያልፍም አይጠፋም። የስልክ ብርሃን ግን ሁሉም ሸክሙን በአንድ ዓይነት ይዞ የተሰለፈ ነው፤ ካለፈ ሁሉም ያልፋል፣ ከተከለከለ ሁሉም ይከለከላል። ስልኩን ሳጋድመው ሸክሙን ሁሉ ማጋደሜ ነበር። የልጄ ዓይን ከመተላለፊያዋ ወዲህ ቆሞ ይጠብቃል፤ ምንም አይመጣለትም። ምንም ሳይጎድለው።

ስንመለስ የበልግ ዝናብ ጥሎ አባርቷል። ኮብልስቶኑ ላይ የተኛው ኩሬ ሰማዩን ሁሉ ይዞ ዓይን ይወጋል። የሶሊን መነጽር በእጄ ይዤ አየሁበት። ሰማዩ ከኩሬው ወጣ። የኩሬው ወለል ታየኝ፦ ድንጋዮቹ፣ ጭቃው፣ አንዲት ዝገት የበላት ቆርኪ። መነጽሩን ወደ ጎን አዞርኩት፣ ሰማዩ ተመልሶ ኩሬው ውስጥ ገባ። ጀማል ይህንንም ነግሮኝ ነበር፤ ውኃና መስታወት ላይ ነጥሮ የሚመጣ ብርሃን ይጋደማል፣ ሾፌሮች የሚገዙት ለዚያ ነው ብሎ። እንግዲህ ቀና ብዬ ቁልቁል ያለውን የሰፈሩን ቆርቆሮ ጣሪያ አየሁ፤ እሱም ያብረቀርቃል። አዞርኩት፣ መለስኩት። ቆርቆሮው ያው ቆርቆሮ። በነጋታው ጀማልን ስጠይቀው ራሱን አከከና «እሱን እንኳ አላስተማሩንም» አለኝ። መጀመሪያ ላይ ያነሳሁባችሁ ጥያቄ ይኸው ነው።

ግርማ ሲሰማ ሊሞት ደረሰ፣ በሳቅ። «ማሩ ስንት ኪሎ ሆነ?» እያለ ሳምንቱን ሙሉ አሾፈብኝ። ይሹፍ። እኔን የበላኝ ዝናሽ የቀደደችው ወረቀት ነው።

ነፍስ አባቴ ጋ ሄጄ ሁሉንም ተናገርኩ። ሲሰሙኝ ቆዩና፣ «እኛ መቼ ሐኪም ቤት አትሂዱ አልን? ልጁን ጠበልም ታስጠምቀው፣ ሐኪም ቤትም ትውሰደው። ሂጂና ንገሪያት» አሉኝ። መንገር እንዳለብኝማ አውቃለሁ፤ ያቃተኝ አነጋገሩ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ የእኔ ደግሞ በማይክ ነው የወጣው።

መጀመሪያ በቃል ሞከርኩ። በሩ ላይ ደርሼ «ዝናሽዬ» ስላት፣ በረከትን አንስታ «ዓይኑን እይልኝ፣ ነጩ አልቀነሰም?» አለችኝ። አልቀነሰም። «እ... ማለቴ... ብርሃኑ ላይ ሆኖ ነው፣ አልታየኝም» ብዬ ሽሮ ተበድሬ ተመለስኩ። ሽሮ ሞልቶኛል።

ሁለተኛ ጊዜ መነጽሩንና ስልኩን ይዤ ሄድኩ። ልክ እንደ ጀማል አሳየኋት፦ በራ፣ ጠቆረ። በገዛ ዓይኗ አየች። ሞኝ አይደለችም ዝናሽ፤ ገብቷታል። ከዚያ መነጽሩን አጥፋ እጄ ላይ አስቀመጠችው።

«ያን ቀን ስታለቅሺ ውሸትሽን ነበር?»

«ኧረ በማርያም! ከልቤ ነው።»

«ታዲያ አሁን ይሄንን ማን ላከብሽ? ምስክርነትሽን ሊያስክድሽ የመጣ ፈተና ነው፣ እህቴ። ዝም በይው።»

ፈተና! እኔ ላሳምናት ሄጄ እሷ ለእኔ አዘነችልኝ። በሩ ድረስ ሸኝታ ግንባሬን ሳመችኝ። «እጸልይልሻለሁ» አለችኝ።

ሆስፒታሉን ጠይቄያለሁ። የተቀደደው ወረቀት እንጂ ቀጠሮው አይደለም፤ የበረከት ስም መዝገብ ላይ አለ፣ ቀኑም እንዳለ ነው። ዝናሽ እሺ ካለች በረከትን አዝዬ ጠበሉም ጋ፣ ሐኪሙም ጋ የምወጣው የምወርደው እኔ ነኝ፤ ግርማም በሚኒባሱ ሊያደርሰን ቃል ገብቷል። የጎደለኝ ንግግሩ ብቻ ነው። «ጠበሉ አላዳናትም» ብላት እምነቷን የነካሁ ይመስላታል፤ እኔም ቢሆን እንደዚያ ማለት አልፈልግም። «ልጄ መጀመሪያውንም አልታመመችም» ብላት እንባዬን ታስታውሰኛለች። ዝም ብላት ያ ሕፃን ዓይኑ ማየት ይረሳል፤ ሲያድግም ግድግዳ ተጋርተን ያየኛል፣ በአንድ ዓይኑ።

እናንተ ብዙ ያነበባችሁ፣ ሰው ስታስታርቁ የኖራችሁ፣ በሕዝብ ፊት ስትናገሩ ጉሮሯችሁ የማይዘጋ፣ እስቲ ምከሩኝ። ዛሬ ግድግዳውን ሳንኳኳ በሩን ከፍታ «ምን አጣሽ ደግሞ?» ስትለኝ በምን ልጀምርላት? የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር ብቻ ስጡኝ፤ የቀረውን እኔ እያለቀስኩም ቢሆን እጨርሰዋለሁ።